ክሬዲት ካርድና ክሬዲት ስኮር፦ ጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዲቪ የደረሳቸው፣ ልጅ አሜሪካ ያላቸውና ለእረፍት ባህር ዳር የመጡ ሰዎች ቡና ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነው፤ መልሱን አሜሪካ በኖርኩባቸው ዓመታት ከኪሴ ከፍዬ የተማርኩት ነው።

ክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ካርዴ በምን ይለያል?

በመልክ አይለይም። ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው። ሁለቱም ላይ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ የሚል ሊኖር ይችላል። ልዩነቱ ገንዘቡ የማን ነው የሚለው ላይ ነው። ጊዮርጊስ አካባቢ ካለ ማሽን በኤቲኤም ካርድህ 2000 ብር ስታወጣ ያወጣኸው የራስህን ብር ነው። ሒሳብህ ባዶ ከሆነ ማሽኑ ፊቱን ያዞርብሃል።

ክሬዲት ካርድ ግን ዱቤ ነው። የሰፈር ባለሱቅ ዘይትና ስኳር ሰጥቶህ ደብተሩ ላይ ጻፍ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ባንኩ ላንተ ይከፍልልህና ስምህ ሥር ይጽፋል። በወር አንዴ ደብተሩን ገልጦ ‹ይህን ያህል አለብህ› ይልሃል። ‹ሊሚትህ 3000 ዶላር ነው› ሲሉህ 3000 ዶላር አለህ ማለታቸው አይደለም። እስከ 3000 ዶላር ዕዳ ውስጥ እንድትገባ ፈቅደውልሃል። ስንቱ እዚህች ላይ ይሸወዳል መሰለህ።

ባህር ዳር ሆኜ ክሬዲት ካርድ ማውጣት እችላለሁ?

እኛ አገር ባንኮች ለተራ ደንበኛ የሚሰጡት ካርድ በአብዛኛው ዴቢት ነው፤ ያስቀመጥከውን ታወጣለህ። የክሬዲት ካርዱን ሥራ እዚህ በስልክ የሚሰጥ ብድር እየያዘው ነው። ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የጀመራቸው ‹መላ› እና ‹እንደኪሴ› አሉ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ‹ምቹ› አለ። መያዣ አይጠይቁም። ስለዚህ ‹ካርዱ ስለሌለኝ ወሬው አይመለከተኝም› ማለት አያዋጣም። ወደዚህ ከታች እመለሳለሁ።

ክሬዲት ስኮር የሚሉት ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ስምህ አጠገብ የሚቀመጥ ቁጥር ነው። ከ300 እስከ 850 ይደርሳል። ኤክዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች የብድር ታሪክህን ይሰበስባሉ። ከዚያ ታሪክ ላይ ቁጥሩን የሚያሰላው ዋናው ቀመር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የሚሠራበት ፋይኮ ነው። አከፋፈሉን ራሱ ይናገራል፦ 35 በመቶው በጊዜ መክፈልህ፣ 30 በመቶው ያለብህ ዕዳ መጠን፣ 15 በመቶው የታሪክህ ርዝመት፣ 10 በመቶው በቅርቡ የጠየቅከው አዲስ ብድር፣ ቀሪው 10 በመቶ የብድር ዓይነቶችህ ስብጥር።

ደመወዝህ እዚህ ውስጥ የለም። ባንክ ያስቀመጥከው ገንዘብም የለም። ሰፈር ውስጥ ‹እሱማ አይክድም፣ ስጠው› የሚባልለት ሰው አለ አይደል? ደሃ ሊሆን ይችላል፤ ግን ደብተሩ ንጹሕ ነው። ስኮር ይህን ወሬ ወደ ቁጥር የለወጠ ነገር ነው። ቤት የሚያከራይህ ያየዋል፣ መኪና የሚሸጥልህ ያየዋል፣ በብዙ ስቴቶች የብድር ታሪክህ የመኪና ኢንሹራንስ ዋጋህንም ይነካል።

እዚህ ያለኝ ጥሩ ስም አሜሪካ ይከተለኛል?

ቦሌ ላይ ይቀራል። ሃያ ዓመት አንድም ዕዳ ሳታሳልፍ ብትኖር፣ እቁብህን አንድ ሳምንት ሳታዘገይ ብትጥል፣ እዚያ የሚያውቅህ የለም። መጥፎ ስኮር ይዘህ አትጀምርም፤ ጭራሽ ስኮር የለህም። ፋይኮ ቁጥር እንዲያወጣልህ ቢያንስ 6 ወር የሞላው አንድ ሒሳብ ያስፈልግሃል።

ታዲያ ከምን ልጀምር?

ሴኩርድ ካርድ ከሚባለው። ለምሳሌ 200 ዶላር መያዣ ታስቀምጣለህ፣ የ200 ዶላር ሊሚት ይሰጡሃል። የራስህን ገንዘብ አስይዘህ የራስህን ያህል መበደር ሞኝነት ሊመስል ይችላል። ግን የምትገዛው ታሪክ ነው። ለስልክ ወይም ለአስቤዛ ብቻ ተጠቀምበት፣ በየወሩ ሙሉውን ክፈል፣ ስትጨርስ መያዣህ ይመለስልሃል። ከመፈረምህ በፊት ግን ካርዱ ለሦስቱም ድርጅቶች ሪፖርት የሚያደርግ መሆኑን ጠይቅ። የማያደርግ ከሆነ ማንም በማያየው ደብተር ላይ ነው የምትጽፈው።

ሁለተኛው መንገድ ቀድሞ የሄደ የምታምነው ዘመድ ካርዱ ላይ ስምህን እንዲያስገባልህ ነው። የእሱ መልካም ታሪክ ብዙ ጊዜ ያንተም መዝገብ ላይ ይገባል። ፕላስቲኩን እንኳን እጅህ ላይ እንዲያደርግ አይጠበቅበትም።

ካርዱን በየወሩ ሙሉ እከፍላለሁ። ለምን ስኮሬ ዝቅ ይላል?

ሊሚትህን እያሟጠጥክ ይሆናል። ሊሚትህ 500 ሆኖ 450 ከተጠቀምክ 90 በመቶ ነክተሃል ማለት ነው። ቀመሩ ይህን ሲያይ ‹ይሄ ሰው ተቸግሯል› ብሎ ነው የሚያነበው። ብዙ ሰው ከ30 በመቶ በታች አድርግ ይላል። ከዚያም ባነሰ የበለጠ ጥሩ ነው።

ሁለት ቀኖችን ለይ። አንደኛው የወር ሒሳብህ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ሁለተኛው የመክፈያ ቀን ነው። በመካከላቸው ቢያንስ 21 ቀን አለ። ብዙዎቹ ባንኮች ለመዝገብ ድርጅቶቹ የሚልኩት ሒሳቡ ሲዘጋ ያለውን ቁጥር ነው። ስለዚህ በኋላ ሙሉውን ብትከፍልም የሚታየው 450ው ነው። ዘዴው ቀላል ነው። ሒሳቡ ከመዘጋቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት አብዛኛውን ክፈልና ትንሽ ብቻ ይቅር።

የወር መግለጫው ‹ሚኒመም (ትንሹን ክፍያ) ክፈል› ይላል። እሱን ብቻ ብከፍል ምን አለበት?

ስምህ አይበላሽም። ኪስህ ግን ይበላሻል። እስቲ እናስላው። 1000 ዶላር አለብህ እንበል፤ የዓመቱ ወለድ 24 በመቶ ነው፣ ማለትም በወር 2 በመቶ ገደማ። ሚኒመሙ የወሩ ወለድና ከዋናው ዕዳ 1 በመቶ ነው እንበል። የመጀመሪያው ወር 30 ዶላር ትከፍላለህ። 20ው ወለድ ነው። ዕዳህ በ10 ዶላር ብቻ ቀነሰ።

አዲስ ነገር ሳትገዛ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ብትቀጥል 341 ዶላር ገደማ ትከፍላለህ። ከ1000ው ላይ የተነሳው ግን 114 ገደማ ነው። 886 አሁንም አለብህ። ታንኳ ሙሉ ውኃ በስኒ እንደመቅዳት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሕጉ ባንኮቹ ይህንኑ ወርሃዊ መግለጫው ላይ እንዲጽፉት ያስገድዳል፦ ሚኒመም ብቻ ብትከፍል ስንት ዓመት እንደሚፈጅብህ። ሰው ግን አያነበውም፤ እኔም አላነበብኩትም ነበር።

የመክፈያ ቀን አንድ ጊዜ ቢያልፈኝስ?

በአንድ ሁለት ቀን ካለፈህ ቅጣት ትከፍላለህ፤ ወለድም ይጨመርብሃል። ለመዝገብ ድርጅቶቹ የሚነገረው ግን 30 ቀን ሲሞላ ነው። ከተነገረ በኋላ ጠባሳው 7 ዓመት ይቆያል።

የራሴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያዬ ካርድ የመክፈያ ቀን ‹05/06› ይላል። እኛ ቀን አስቀድመን ወር እናስከትላለን፤ ጁን 5 ብዬ አነበብኩት። አሜሪካኖች ወሩን ነው የሚያስቀድሙት፤ ሜይ 6 ነበር። ማስታወሻው የሚሄደው ቀይሬ ወደተውኩት የድሮ ስልክ ነው። ጁን 5 ጠዋት ‹እኔ እኮ ቀን አላሳልፍም› እያልኩ ከፈልኩ። ልክ 30 ቀን! ከዚያ ወዲህ ካርድ በእጄ ሲገባ መጀመሪያ የማደርገው ኦቶፔይ ላይ ማስገባት ነው። ቢያንስ ሚኒመሙ በራሱ ይከፈላል። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ካላንደር ላይ የሚጽፉ ደግሞ አውቃለሁ፤ ጳጉሜ ስትመጣ ነገር ይምታታባቸዋል።

‹ለ12 ወር ወለድ የለም› የሚል ሶፋ አየሁ። እውነት ነው?

ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው እውነተኛ ዜሮ ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ ወለድ ይጀምራል። ሁለተኛው የተላለፈ ወለድ ነው፤ የዕቃ መደብሮች ይወዱታል። 12 ወሩ ሲሞላ 50 ዶላር ብትቀርህ እንኳን ወለዱን ከገዛህበት ቀን ጀምሮ ቆጥረው ይጭኑብሃል። ወረቀቱ ላይ ‹በጊዜው ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ› የምትል ሐረግ ካየህ ሁለተኛው ነው።

ልጄ አሜሪካ ናት። ለፋሲካ በክሬዲት ካርዷ ገንዘብ ብትልክልኝ ችግር አለው?

እማማ፣ ትላክልዎት፤ ግን ከባንክ ሒሳቧ ወይም በዴቢት ካርዷ ታድርገው። በክሬዲት ካርድ ገንዘብ መላክ ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ እንደማውጣት ይቆጠራል። ካርዱ ራሱ ከላኪው ድርጅት ክፍያ ሌላ ከ3 እስከ 5 በመቶ ይወስዳል። ወለዱ ደግሞ በዚያው ቀን ይጀምራል። ዕቃ ስትገዛበት የሚሰጣት የእፎይታ ጊዜ እዚህ የለም። እርስዎ ዶሮውን አርደው ሳይጨርሱ እሷ ወለድ እየቆጠረባት ነው። ልጆቻችን ይህን ለእናት አይናገሩም። ስለዚህ እርስዎ ይጠይቋት።

ለእረፍት ባህር ዳር ስመጣ ካርዴን ልጠቀምበት?

ዋናው ሒሳብህ በጥሬ ብርና በስልክ ይሁን። ትልልቆቹ ሆቴሎች ካርድ ሊቀበሉህ ይችላሉ። ወደ ዘጌ የሚያሻግርህ ጀልባ፣ ዓሣ ቤቱና ባጃጁ ግን አይቀበሉህም። ከኤቲኤም ስታወጣ ዴቢት ተጠቀም፤ በክሬዲት ካርድ ከማሽን ብር ማውጣት ከላይ ለእማማ የነገርኳቸው ዓይነት ብድር ነው። ብዙ ካርዶች በውጭ አገር ለተደረገ ግዢ እስከ 3 በመቶ ያስከፍላሉ፤ የማያስከፍሉም ስላሉ ከመነሳትህ በፊት እየው። ሁለት ወር የምትቆይ ከሆነ ኦቶፔይ ሳታበራ አትነሳ። ከደሴት ገዳማቱ ስትመለስ የመክፈያ ቀን ትዝ አይልህም።

የአክስቴ ልጅ ‹ኮሳይን አድርግልኝ› አለኝ። ብፈርም ምን ይመጣብኛል?

ኮሳይን ማለት በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም ነው፤ ዕዳው ያንተም ይሆናል። ‹ምስክር ብቻ ነህ› የሚልህን አትስማ። አብቁተ፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በቡድን ሲያበድር የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ቶሎ ይገባዋል። አንዱ መክፈል ሲያቅተው የቡድኑ ሰዎች ይጠየቁ ነበር። ኮሳይን ሁለት ሰው ያለበት ቡድን በለው። በብድሩ መኪና ቢገዛ የሚነዳው እሱ ነው። መጋቢት ላይ ክፍያውን በ30 ቀን ቢያዘገይ ጠባሳው በሁለታችሁም መዝገብ ላይ ይወጣል። አንተ የምታውቀው ቤት ልትከራይ ሄደህ ስትከለከል ሊሆን ይችላል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የእኛን ሰው ከወለድ በላይ የሚጥለው ይሉኝታ ነው። ‹እናቱ አይደለችም እንዴ ያሳደገችኝ? እንዴት እምቢ እላለሁ?› ትክክል፣ አሳድጋሃለች። ግን የጠየቀህ ውለታ መመለሻ ገንዘብ አይደለም፤ ስምህን ነው። እኔ ብዙ ከተቃጠልኩ በኋላ የያዝኩት መንገድ አለ። ‹መፈረም አልችልም፤ 300 ዶላር ግን ውሰድ፣ መልስ አልልህም› እላለሁ። ስጦታው ቢያልቅ አንድ ቀን ይቆጨኛል። ለ7 ዓመት ግን አይከተለኝም። ቅያሜ አይቀርም፤ ግን እስከ ጥምቀት አይዘልቅም።

ካርድህ ላይ ስሙን ማስገባት ከዚህ ይለያል። የሚያወጣውን ሁሉ የምትከፍለው አንተ ነህ፤ ግን በፈለግህ ቀን ስሙን ታስወጣለህ። ኮሳይን ያደረግከውን ብድር ደውለህ አትወጣበትም።

ቁጥሬ ቢሰረቅ ወይም ‹ከባንክ ነው› ብለው ቢደውሉስ?

አሜሪካ ውስጥ ያልፈቀድከው ግዢ በክሬዲት ካርድህ ቢፈጸም ሕጉ ከ50 ዶላር በላይ አያስከፍልህም። ብዙ ባንኮች እሷንም አይጠይቁም። ዴቢት ላይ ግን ሰዓቱ ይቆጥርብሃል። መሰረቁን ባወቅህ በ2 የሥራ ቀን ውስጥ ካመለከትክ 50፣ ከዚያ ካለፈ እስከ 500 ነው። መግለጫው ከተላከልህ 60 ቀን ካለፈ ከዚያ በኋላ የተወሰደው ሁሉ ሊቀርብህ ይችላል። ኦንላይን ስገዛ ክሬዲት ካርድ የምመርጠው ለዚህ ነው፤ ጠቡ በባንኩ ገንዘብ ላይ ነው። በስምህ ሌላ ሰው ካርድ እንዳያወጣ ደግሞ መዝገብህን በሦስቱም ድርጅቶች ማስቆለፍ ትችላለህ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በነጻ ነው።

እዚህ አገር ነገሩ ይከፋል። ‹ሽልማት ደርሶዎታል፣ ስልክዎ ላይ የገባውን ኮድ ይንገሩኝ› የሚል ጥሪ የማያውቅ የለም። ኮዱን በአንደበትህ ከሰጠህ ገንዘቡን ማስመለስ ቀላል አይደለም። ባንክ ኮድ አይጠይቅም። ስልኩን ዝጋና ራስህ ደውል፤ የንግድ ባንክ 951 ነው።

ስኮሬን ደጋግሜ ባየው ይቀንሳል? የማልጠቀምበትን ካርድስ ልዝጋ?

ራስህ ስታየው አይቀንስም። የሚነካህ አዲስ ብድር ስትጠይቅ አበዳሪው የሚያየው ነው፤ እሱም 2 ዓመት መዝገብ ላይ ይቆያል። ዘገባህን ከሦስቱም ድርጅቶች በየሳምንቱ በነጻ የምታገኝበት በሕግ የተቋቋመ ድረ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው።

ካርዱ ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው አትዝጋው። ሲዘጋ ጠቅላላ ሊሚትህ ስለሚያንስ ያለህ ዕዳ በመቶኛ ይተልቃል። ራስህን የማታምን ከሆነ ግን ዝጋው። ስኮር ከእንቅልፍህ አይበልጥም።

‹ክሬዲትህን በ500 ዶላር እናጸዳለን› የሚሉ አሉ። ልክፈላቸው?

አትክፈል። እውነት የሆነን መጥፎ ታሪክ ማንም አያስፍቅም። ስህተት ከሆነ ራስህ ለመዝገብ ድርጅቱ ትጽፋለህ፤ በነጻ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በ30 ቀን አጣርተው መልስ መስጠት አለባቸው። ሥራውን ሳይሠሩ ቅድሚያ መቀበል ራሱ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው።

እዚህ በስልክ የተበደርኩትን ትንሽ ብር ባልመልስ ማን ያውቃል?

ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው። ባንኮች የተበዳሪዎቻቸውን ሁኔታ ያሳውቃሉ፤ አዲስ ብድር ከመስጠታቸው በፊትም እዚያ ያያሉ። ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር በአገራችን መመሪያ የተበላሸ ከሚባለው ተርታ ይገባል። አሜሪካ እንዳለው ባለ ሦስት አሐዝ ቁጥር ኪስህ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ደብተሩ ግን አለ።

በስልክ የሚሰጠው ብድር መጠኑ የሚያድገው በአጠቃቀምህና በአመላለስህ ነው። ስለዚህ አባይ ማዶ ሱቅ ለመክፈት ሁለት ዓመት በኋላ ትልቅ ብድር የምታስብ ልጅ የዛሬዋን ትንሽ ብር አትናቃት። ‹ተቀበል› የሚለውን ከመጫንህ በፊት አንዲት ቁጥር ብቻ ፈልግ፦ በመጨረሻ የምትመልሰው ጠቅላላ ብር። ‹የአገልግሎት ክፍያ› ብለው ቢጠሩትም ከኪስህ ነው የሚወጣው።

ዕዳዬን እዚያው ትቼ አገሬ ብገባስ?

ይህን የሚጠይቁኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። በድሮ ጊዜ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በቁራኛ ይታሰር ነበር፤ አንዱ ያለ ሌላው ንቅንቅ አይልም። የካርድ ዕዳ እንደዚያ አያስርህም። አለመክፈልህ በአሜሪካ ወንጀል አይደለም፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው። ግን ሊከሱህና በሌለህበት ሊፈረድብህ ይችላል። መዝገብህ ላይ ለ7 ዓመት ይቀመጣል። ኮሳይን ያደረገልህ ሰው ካለ አንተ ጣና ዳር ቡናህን ስትጠጣ ስልኩ የሚጮኸው የእሱ ነው። ላለመክፈል ወስኖ ከመነሳቱ በፊት ካርዱን ሞልቶ የሚመጣ ሰው ደግሞ ወደ ማጭበርበር ተሻግሯል፤ ያኛው ወንጀል ነው።

ከመምጣትህ በፊት ለባንኩ ደውለህ ‹ተቸግሬአለሁ፣ በየወሩ ይህን ያህል እችላለሁ› በል። ወለድ የሚቀንሱና ክፍያ የሚያራዝሙ አሉ። ዝም ያልከውን ግን ለዕዳ ሰብሳቢ ይሸጡታል።

አባታችን አሜሪካ አረፉ። የካርድ ዕዳቸውን እኛ ልንከፍል ነው?

በጥቅሉ አይደለም። ዕዳው የሚከፈለው ሟቹ ከተዉት ንብረት ነው፤ ካልበቃ አበዳሪው ይቀርበታል። አብሮ የፈረመ ሰው ግን ይጠየቃል፤ በአንዳንድ ስቴቶች የትዳር ጓደኛም እንዲሁ። ስሙ ካርዱ ላይ ተጠቃሚ ሆኖ ብቻ የገባ ልጅ አይጠየቅም፤ ግን ከሞቱ በኋላ በካርዱ መጠቀም የለበትም።

ዕዳ ሰብሳቢ ለቅሶ ላይ ደውሎ ‹ለአባትህ ክብር ስትል ትንሽ ክፈል› ሊል ይችላል። ያኔም ይሉኝታችንን ነው የሚነካው። ‹በጽሑፍ ላኩልኝ› በልና ዝጋ። ወረቀቱ ሲመጣ አብሮ የፈረመ ሰው ስም አለበት ወይ የሚለውን ተመልከት።